44 የሚመታ ልብ፣ ጥሪው ያልደረሰው ኩላሊት

የእጃቸው ጣቶች ቀዝቃዛ ነበሩ። ምላሳቸው ደርቋል። የእጃቸውን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጌ ስለቀው ቶሎ አልተመለሰም። ደም ግፊታቸው 78 በ46። ሁሉም የሚናገረው አንድ ነገር ነው፦ ሰውነታቸው ውኃ ጨርሷል። እንዲህ የደረቀ ሰው ልቡ ይሮጣል። 120፣ 130 ይመታል። የእሳቸው 44 ነበር። አላመንኩም። ሰዓቴን እያየሁ ሙሉ ደቂቃ ደግሜ ቆጠርኩ። 44።

የዚህ ጉዳይ ነገር ሁሉ የሚዞረው በዚያች ቁጥር ዙሪያ ነው። ቁጥሯ የልብ ነች። እኔም መጀመሪያ ስለ ልብ ብቻ የምታወራ መስሎኝ ነበር። ስናጣራ ግን ኩላሊታቸው ለምን ዝም እንዳለ የነገረችን እሷ ሆና ተገኘች።

ታማሚዋ የ61 ዓመት እናት ናቸው። ታሪካቸው እንዲጻፍ ፈቅደውልኛል፤ ስማቸውን ግን አልጽፍም። እማማ ነው የምላቸው። የሚኖሩት ባሕር ዳር ነው። ነሐሴ ሲገባ ለፍልሰታ ሱባኤ በጀልባ ወደ ዘጌ ይሻገራሉ። በየዓመቱ አይቀሩም። ጫካ ቡናው መሀል ባለች ጎጆ ከሌሎች እናቶች ጋር ያድራሉ። እስከ 9 ሰዓት ውኃ እንኳ አይቀምሱም። ከዚያ በኋላ ትንሽ በሶ፣ የተዘፈዘፈ ሽንብራ። ሌሊት ደግሞ ጸሎትና ስግደት።

ደም ግፊት ካለባቸው 8 ዓመት ሆኗቸዋል። ክትትላቸው ጥሩ ነው። እንዲያውም መድኃኒት በመውሰድ የእሳቸውን ያህል ጠንቃቃ ታማሚ ብዙ አላየሁም። ነሐሴ 11 ቀን ተቅማጥ ያዛቸው። ክረምት ነው፤ ጎርፍ ወደ ሐይቁ ይገባል፤ ውኃው ይደፈርሳል። አብረዋቸው ከነበሩትም ሁለቱ ታመው ነበር። እነሱ በሁለት ቀን ዳኑ። እማማ ግን ነሐሴ 13 ሌሊት ለጸሎት ሊነሱ ሲሉ ራሳቸውን ስተው ወደቁ። ሲነጋ ልጃቸው በመጀመሪያው ጀልባ ባሕር ዳር አደረሰቻቸው።

መጀመሪያ የሄዱበት ጤና ተቋም ፈሳሽ አልተሰጣቸውም። «ውኃ ያነሰው ሰው የልብ ምቱ ይፈጥናል፤ የእሳቸው ዘገምተኛ ነው፤ ችግሩ የልብ ነው» ተብሎ ሪፈር ተጻፈ። የተቋሙን ስም አላነሳም፤ ማንንም ለመውቀስ አይደለም የምጽፈው። ይህ አባባል በትምህርት ቤት የተማርነው ነው። ለአብዛኛው ሰውም ትክክል ነው። የማይሠራው ማን ላይ እንደሆነ ሳያውቁ መቅረት ግን አራት ሰዓት አስከፍሏል። አራት ሰዓት ለደረቀ ኩላሊት ረጅም ነው።

እኛ ጋ ሲደርሱ ቀን 7 ሰዓት አልፎ ነበር። ኢሲጂ፣ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ፣ ተነሳ። ቲ የምትባለው ሞገድ እንደ ጎጆ ጣሪያ ሾላ ቆማለች። ፒ የምትባለው ትንሿ ሞገድ የለችም። ምት የሚያፈጥነውን አትሮፒን ሰጠን። ምቱ ወደ 50 ወጣ፤ ወዲያው ተመለሰ። የሽንት ቱቦ (ካቴተር) ሲገባ የወጣው ሽንት የሻይ ብርጭቆ ሩብ አይሞላም፤ ቀለሙም የጠቆረ ሻይ ይመስላል። ላብራቶሪው መጣ፦ ክሬቲኒን፣ ማለትም ኩላሊት ሲደክም በደም ውስጥ የሚጠራቀመው ቆሻሻ፣ 4.1፤ ፖታሲየም 6.9። ከሦስት ወር በፊት ክሬቲኒናቸው 0.9 ነበር። ፖታሲየም ደግሞ ከ5.5 ሲያልፍ ያሳስበናል፤ 6.9 ላይ ልብ በማንኛውም ደቂቃ ሊቆም ይችላል።

ልጃቸውን «ምን ምን መድኃኒት ነው የሚወስዱት?» አልኳት። ከቦርሳዋ ጥቁር ፌስታል አወጣችና አልጋው ጫፍ ላይ ዘረገፈችው።

አራት ዓይነት ነበር። ኢናላፕሪል። አቴኖሎል። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ። እነዚህ ሦስቱ የደም ግፊታቸው ናቸው። አራተኛው ዳይክሎፍናክ ነው። ከ20 ፍሬ 7 ቀርቷል። ስግደቱ ጉልበታቸውን ሲያማቸው ከመድኃኒት ቤት የተገዛ ነው። «እማዬ አንድም ቀን አልረሳችም፣ ዶክተር» አለችኝ። «ተቅማጡ ሲበረታ እንኳ በባዶ ሆዷ ትውጠው ነበር።» እንድደሰት ነበር የነገረችኝ። ያን ጊዜ ፊቴን ምን እንዳስመሰልኩት አላውቅም።

እዚህ ጋ ታሪኩን ላቁመውና ወደ ኩላሊት ልግባ። ምክንያቱም አራቱ መድኃኒቶች በየተራ አንድ አንድ በር እንዴት እንደዘጉ ካላየን የሆነው ነገር አይገባንም።

በእያንዳንዱ ኩላሊት ውስጥ 1 ሚሊዮን ገደማ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉ። ወደ እያንዳንዱ ማጣሪያ ደም የምታስገባ ቀጭን ደም ቅዳ አለች። በዚያች ደም ቅዳ ግድግዳ ላይ፣ ልክ መግቢያው ደጃፍ ላይ፣ ከረጢት ያዘሉ ሕዋሳት ተቀምጠዋል። ከረጢቱ ውስጥ ያለው ሬኒን ነው። እ.ኤ.አ. በ1898 ስቶክሆልም ውስጥ ሮበርት ቲገርስቴትና ፔር በርግማን የጥንቸል ኩላሊት ጨምቀው ጭማቂውን በሌላ ጥንቸል ደም ሥር ሰጡ። የጥንቸሏ ደም ግፊት ወጣ። ያልታወቀውን ነገር በላቲን ከኩላሊት ስም አውጥተው ሬኒን አሉት። ኩላሊት ሽንት ማጣሪያ ብቻ እንዳልሆነ፣ ለመላው ሰውነት መልእክት የሚልክ እጢም እንደሆነ መታወቅ የጀመረው ከዚያ ነው።

ሬኒን ብቻውን ደም ሥር አያጠብም። ከጉበት የሚመጣ አንድ ፕሮቲን አለ፤ ሬኒን እሱን ይቆርጥና አንጂዮቴንሲን 1 ያደርገዋል። አንጂዮቴንሲን 1 በተለይ በሳንባ ደም ሥሮች ሲያልፍ እዚያ ባለ ኤንዛይም እንደገና ይቆረጥና አንጂዮቴንሲን 2 ይሆናል። ሥራውን የሚሠራው ይኸኛው ነው። ደም ሥር ያጠብባል። ከኩላሊት በላይ ከተቀመጠው አድሬናል እጢ አልዶስትሮን የሚባል ሆርሞን ያስወጣል፤ አልዶስትሮን ጨው አስቀርቶ ፖታሲየም ያስወጣል። ከማጣሪያው የምትወጣዋን ደም ቅዳ ደግሞ ቆንጠጥ ያደርጋታል። ቱቦን ከመውጫው ቆንጠጥ ሲያደርጉት ከኋላ ግፊት እንደሚይዘው ነው። የሰውነት ደም ግፊት ሲወርድም ማጣራቱ እንዳይቆም የሚያደርገው ይህ ነው።

ታዲያ እነዚያ ከረጢት ያዘሉ ሕዋሳት ሬኒን የሚለቁበትን ሰዓት በምን ያውቃሉ? በሦስት መንገድ።

አንደኛው ነርቭ ነው። እማማ ላይ ዋናው እሱ ስለነበር ረዘም አድርጌ ልናገር። አንገት ላይ ባሉት ትልልቅ ደም ቅዳዎችና ከልብ በሚወጣው ዋናው ደም ቅዳ ላይ የግፊት ጠባቂዎች አሉ። ግፊት ሲወርድ ለአንጎል ግንድ ይነግራሉ። አንጎል ደግሞ ሲምፓቴቲክ በሚባሉት የጭንቅ ጊዜ ነርቮች ይጣራል። የእነዚህ ነርቮች ቅርንጫፎች ኩላሊት ድረስ ይሄዳሉ፤ እነዚያ ሕዋሳት አጠገብ ደርሰው ኖርኤፒኔፍሪን የሚባል መልእክተኛ ኬሚካል ይረጫሉ። ሕዋሱ ላይ ቤታ 1 የሚባል ተቀባይ አለ። ኖርኤፒኔፍሪን እዚያ ላይ ሲያርፍ በሕዋሱ ውስጥ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የሚባል ነገር ይበዛል፤ ከረጢቶቹ ይከፈታሉ። እኔ ሁልጊዜ የገዳም ደወል ነው የሚመስለኝ። ነርቩ ደወሉ ነው፤ ተቀባዩ ጆሮው።

ይህ ደወል እጅግ ስሱ ነው። ነርቩ በቀስታ ሲደውል መጀመሪያ የሚለቀቀው ሬኒን ነው፤ የደም ፍሰቱም የጨው አወጣጡም ገና አልተነካም። ትንሽ ጠንከር ሲል ኩላሊት ጨው ማስቀረት ይጀምራል። በጣም ሲጠነክር ነው ወደ ኩላሊት የሚገባው ደም ራሱ የሚቀንሰው። ከተኛንበት ብድግ ስንል እንኳ ሬኒን ይጨምራል። እማማ በየሌሊቱ ለስግደት ሲነሱ ኩላሊታቸው ያንን ደወል ይሰማ ነበር ማለት ነው። ወይም መስማት ነበረበት።

ቤታ 1 ያለው ግን ኩላሊት ላይ ብቻ አይደለም። ልብ ላይም አለ፤ እዚያ ምት ያፈጥናል። አንድ ዓይነት ጆሮ በሁለት ቤት። ሬይመንድ አልኲስት እ.ኤ.አ. በ1948 ተቀባዮቹን አልፋና ቤታ ብሎ ለያቸው። ጄምስ ብላክ ያንን ሐሳብ ይዞ ቤታን የሚደፍኑ መድኃኒቶች ሠራ፤ በ1988 የኖቤል ሽልማትን ከተጋሩት አንዱ ሆነ። አቴኖሎል የዚያ ቤተሰብ ነው። ቤታ 1 ላይ ቁጭ ይልና ጥሪው እንዳይሰማ ያደርጋል። በደህና ቀን ይህ መልካም ነው፤ የደም ግፊት የሚወርድበት አንዱ መንገድ ይኸው ነው። በተቅማጥ ቀን ግን አንጎል ይጣራል፣ ነርቩ ይደውላል፣ የሚሰማ የለም።

44 የነገረችን ይህን ነበር። ልብ ጥሪውን ካልሰማ፣ ያንኑ ጆሮ የያዘው ኩላሊትም በነርቩ በኩል እየሰማ አይደለም።

ሁለተኛው መንገድ ነርቭ አይፈልግም። ሕዋሳቱ ራሳቸው ደም ቅዳዋ ግድግዳ ላይ ስለሆኑ መለጠጧን ያውቃሉ። ግፊት ሲቀንስ ግድግዳው ይላላል፤ በሕዋሱ ውስጥ ካልሲየም ይቀንሳል፤ ሬኒን ይለቀቃል። እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። በአብዛኛው የሰውነት ክፍል ካልሲየም ሲጨምር ነው ሕዋስ ያከማቸውን የሚለቀው። እነዚህ ግን ተቃራኒ ናቸው፤ ካልሲየም ሲጨምር ይቆልፋሉ። ከሌላ ሰው ተወስዶ የተተከለ ኩላሊት ነርቩ ተቆርጦም ሬኒን መሥራቱን አያቆምም፤ አንዱ ምክንያት ይኸው በር ነው። ከእማማ አራት መድኃኒቶች ይህን በር በቀጥታ የሚዘጋ አልነበረም። ስለዚህ ሬኒን በመጠኑም ቢሆን ሳይወጣ አይቀርም። ግን ወጥቶ የት ይደርሳል? አንጂዮቴንሲን 1ን ወደ 2 የሚቀይረውን ኤንዛይም ኢናላፕሪል ይዞታል።

ሦስተኛው መንገድ ሽንት መስመር ውስጥ ያለ ጠባቂ ነው። ማኩላ ዴንሳ ይባላል። በአጠገቡ የሚያልፈውን ጨው ይቀምሳል። ጨው ሲያንስበት ፕሮስታግላንዲን የሚባል መልእክተኛ ኬሚካል ይልካል፤ ፕሮስታግላንዲን በራሱ ተቀባይ በኩል ገብቶ ያንኑ ሳይክሊክ ኤኤምፒ ያበዛል። ወደ ማጣሪያው የምትገባውንም ደም ቅዳ ከፈት ያደርጋታል። ዳይክሎፍናክ የሚያቆመው ፕሮስታግላንዲን መሥራትን ነው። ጉልበታቸውን ያስታገሠላቸውም፣ ይህን በር የዘጋባቸውም አንዱ ሥራው ነው።

በዚህ ሁሉ ላይ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ጨውና ውኃ እያስወጣ ነበር። ያውም ከጠዋት እስከ 9 ሰዓት ውኃ በማይቀመስበት፣ ቀኑን ሙሉ ተቅማጥ ባለበት።

የቀረው በራሱ የሚዞር አዙሪት ነው። አቴኖሎል ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት ነው። ኩላሊት ሲደክም አቴኖሎል ይከማቻል። ሲከማች ልብ ይበልጥ ይዘገያል። ልብ ሲዘገይ ወደ ኩላሊት የሚሄደው ደም ያንሳል። አልዶስትሮን ስላነሰ ፖታሲየም እንደሚገባው አይወጣም። ፖታሲየም ደግሞ ልብን የበለጠ ያዘገያል። አትሮፒን ያልሠራልን ለዚህ ነበር። ችግሩ አትሮፒን የሚደርስበት ቦታ ላይ አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ የሠራነው ቀላል ነው፤ በቅደም ተከተል መሆኑ ነው ቁም ነገሩ። ልብን ከፖታሲየም ለመጠበቅ ካልሲየም ግሉኮኔት ሰጠን። ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ቲ ሞገዷ ዝቅ አለች፤ ምቱ 56 ሆነ። ፖታሲየሙን ወደ ሕዋስ ውስጥ ለማስገባት ኢንሱሊን ከግሉኮስ ጋር። ቀጥሎ ሳልቡታሞል፣ የአስም መድኃኒቱ፣ በጭጋግ መልክ እንዲተነፍሱት። ሳልቡታሞል የሚሠራው በቤታ 2 ነው፤ የዚያው የተደፈነው ጆሮ ወንድም ማለት ነው። አቴኖሎል በዋናነት ቤታ 1ን ስለሚይዝ ያኛው መንገድ ክፍት ነበር። በሁለቱም እጅ ደም ሥር ከፍተን ፈሳሹን ለቀቅን፤ ሳንባቸውን በየ30 ደቂቃው እያዳመጥን። አራቱም መድኃኒት ቆመ።

ኩላሊት እጥበት ያስፈልጋቸው ይሆናል ብለን ተነጋግረን ነበር። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ተረኛዋ ሲስተር ጠራችኝ። የሽንት ከረጢቱን ከፍ አድርጋ በእጇ ባትሪ አበራችበት። 350 ሚሊ ሊትር፤ ቀለሙም ነጣ ብሏል። «መጣ!» አለች። በእኛ ሙያ ሽንት እንዲህ የሚያስደስት ነገር እንደሆነ ለሌላ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። በማግስቱ ፖታሲየም 5.2፣ የልብ ምት 66። በሦስተኛው ቀን ክሬቲኒን 2.0። በስድስተኛው ቀን 1.1 ሆኖ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ያልሠራነው ነገርም አለ። የሬኒናቸውን መጠን አልለካንም። ስለዚህ ከላይ የተረኩት የትኛው በር ምን ያህል እንደተዘጋ በቁጥር አያሳይም። አቴኖሎልም ቢሆን በደህና ቀን በሚወሰደው መጠን ጆሮውን ሙሉ በሙሉ አይደፍንም። የልብ ድካምና የደም መመረዝ እንዳልሆነ ግን አጣርተናል። ከሁሉ በላይ ፈሳሽ ሲገባና መድኃኒቶቹ ሲቆሙ ልብና ኩላሊት አብረው ነው የተመለሱት። እኔን ያሳመነኝ ይህ ነው።

ከዚያ ወዲህ ደርቆ የመጣ ሰው ሳይ ምቱን ከመተርጎሜ በፊት ፌስታሉን እጠይቃለሁ። ምት ዘገምተኛ ከሆነና ቤታን የሚደፍን መድኃኒት ካለ፣ ያ ምት ስለ ውኃ ምንም አይነግረኝም። ቆዳን፣ ምላስን፣ ሽንትን ነው የማምነው። ጤና ጣቢያ ለምትሠሩ ወንድሞቼና እህቶቼ ከልቤ የምለምነው ይህንኑ ነው።

እማማ መስከረም ላይ ለቀጠሮ መጡ። ነጭ ነጠላ፣ አዲስ ዓመት የተሠራ ሹሩባ። አቴኖሎልን ቀይረን አምሎዲፒን ጀምረን ነበር። ኢናላፕሪሉን ክሬቲኒናቸው ተረጋግቶ ካየን በኋላ በትንሹ መለስነው። ዳይክሎፍናክ ቀረ። አንድ ወረቀት ጻፍኩላቸው፦ ተቅማጥ ወይም ትውከት የያዘ ቀን ኢናላፕሪሉ ለጊዜው ይቆማል፣ ኦአርኤስ ይጠጣል፣ በዚያው ዕለት ይደወልልናል። ያለ ሕመም ግን አንድም ቀን አይቋረጥም። ይህን ሁለተኛውን ከስሩ አሰመርኩበት፤ በደህና ቀን መድኃኒት የሚያቆም ሰው ስትሮክ ይዞት ሲመጣም ብዙ አይቻለሁና።

«ግን ልጄ» አሉኝ፤ «ኩላሊቴ ምን አስቀየምኩት? ለምን ዝም አለ?»

የደወሉን ነገር ነገርኳቸው። ልብና ኩላሊት አንድ ዓይነት ጆሮ እንዳላቸው፣ መድኃኒቱ ሁለቱንም እንደደፈነው። ጸጥ ብለው ሰሙኝ። ከዚያ «እሱማ በጸሎት ስንለው እንኖር የለ?» አሉ። «ልብ ያሰበውን፣ ኩላሊት ያጤሰውን የሚያውቅ።» ያንን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። ሁለቱ ለምን አብረው እንደሚጠሩ ግን አስቤው አላውቅም ነበር።

ለሚቀጥለው ፍልሰታ ምን እንደሚያደርጉ ጠየቁኝ። ከንስሐ አባታቸው ጋር ይነጋገሩ፤ እሳቸው የሚሏቸውን ይዘው ይምጡና መድኃኒቱን በዚያ ልክ እናስተካክለዋለን አልኳቸው። ውኃ የሚቀመስበት ሰዓት ቀደም ቢል ደስ ይለኛል ብዬም ጨመርኩ። «እነግራቸዋለሁ» አሉ።

ልጃቸው ምት መቁጠር ተምራለች። ትንሽ ደብተር ይዛ መጥታ ነበር፤ በየቀኑ ጠዋት የጻፈችው። 68። 72። 70። 71። መስከረም 17 ላይ ግን 96 ይላል። ደንገጥ ብዬ ቀና አልኩ። ልጅቱ ሳቀች፤ ከቁጥሩ ጎን በእናቷ እጅ የተጻፈውን በጣቷ አሳየችኝ። «ከስግደት በኋላ።»